ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ የስም ዓይነቶች መግለጫ

መቅድም

ሰዋስው ማለት በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላልም ወደ ላይ ለመውጣት እንጂ በግድግዳ ተደግፎ ለመታየት አልተሠራም። የቋንቋ ሕግም እንዲሁ ነው፤ የሕጉን ስም በቃሉ ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል ማቆም ያልቻለ ተማሪ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ከግንቡ ሥር እንደ ቆመ ሰው ነው።

ብዙ ልጆች «የእንግሊዝኛ ስም ስንት ዓይነት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «አምስት ነው፤ የተጸውዖ ስም፣ የወል ስም፣ የጥቅል ስም፣ የቁስ ስም፣ የረቂቅ ስም» ብለው ፈጥነው ይመልሳሉ። መልሳቸው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እነዚሁ ልጆች «አባቴ ምክር ሰጠኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ ቢባሉ፣ ምክር በእንግሊዝኛ የማይቈጠር ስም መሆኑን ዘንግተው «አንድ ምክር» ወይም «ምክሮች» ብለው ይጽፉታል። ይህ የሚሆነው ልጁ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። የስምን ዓይነት እንደ ዕቃ መደርደሪያ እንጂ እንደ ጠባይ አድርጎ ስላልተማረው ነው።

በእንግሊዝኛ የስም ዓይነት ማለት የቃሉ ጠባይ ነው። ቃሉ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጀምር፣ በፊቱ ምን እንደሚቆም፣ በመጨረሻው ምን እንደሚጨመር፣ ግሡም በነጠላ ወይም በብዙ እንደሚከተለው የሚወስነው ይኸው ጠባይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይህንኑ ለመግለጥ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ በመንደር ትምህርት ቤት ሳለ የስምን ጠባይ ሳይለይ ያለፈ ልጅ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ በደረሰ ጊዜ የሚጐድልበት እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የሒሳቡና የተፈጥሮ ሳይንሱ መጽሐፍም ይዘጋበታል።

የእንግሊዝኛ ድምፅ በፊደላችን ፈጽሞ ስለማይገኝ፣ ምሳሌዎቹን በቀረበው ድምፅ ጽፈናቸዋል፤ መምህሩ በክፍል ውስጥ በሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋቸው።

አንደኛ፤ ስም ምንድር ነው?

ስም የሰው፣ የእንስሳ፣ የስፍራ፣ የነገር ወይም የአሳብ መጠሪያ ነው። ስሞችን በዓይነት የመለየት ልማድ እጅግ የቈየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በነበረው በዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚታወቀው የግሪክ ሰዋስው፣ ለብዙዎች በጋራ የሚነገረውን ስም ለአንድ ብቻ ከሚነገረው ስም ለይቶ ያሳያል። ሮማውያንም ይህን ከግሪኮች ተቀበሉ፤ እንግሊዞችም ከሮማውያን ወረሱት። በእንግሊዝኛ ስለ እንግሊዝኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ሰዋስው ዊልያም ቡሎካር በ1586 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው ነው፤ እርሱም የላቲንን ሰዋስው ፈለግ የተከተለ ነበር። እንግዲህ አምስቱ ክፍሎች በብዙ ዘመንና በብዙ ቋንቋ አልፈው የደረሱን መሆናቸውን እናስተውል።

አንድ ስም በፊታችን በቀረበ ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቀው። የመጀመሪያው፣ በትልቅ ፊደል ይጀምራልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይቈጠራልን? የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ግሡ በነጠላ ይከተለዋልን ወይስ በብዙ? የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወል ስምና ስለ ተጸውዖ ስም

የወል ስም ማለት በአንድ ወገን ላሉት ሁሉ በጋራ የሚነገር ስም ነው። «ሪቨር» ማለት ወንዝ፣ «ቦይ» ማለት ወንድ ልጅ፣ «ሲቲ» ማለት ከተማ የወል ስሞች ናቸው። የተጸውዖ ስም ግን አንዱን ከወገኖቹ ለይቶ የሚጠራ ነው፤ አዋሽ፣ ከበደ፣ ጎንደር እንደ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በአማርኛም አለ፤ ነገር ግን በአማርኛ በጽሕፈት አይታይም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው «ወንዝ» እና «አዋሽ» በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። እንግሊዝኛ ግን የተጸውዖን ስም ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል ያስጀምራል። ከሰውና ከአገር ስም በቀር የሳምንቱ ቀኖች፣ የዓመቱ ወሮች፣ የቋንቋዎችና የሕዝቦች ስሞችም በዚሁ ሕግ ውስጥ ይገባሉ። ልጆቻችን የአገርን ስም በትልቅ ፊደል ሲጽፉ፣ ሰኞንና መስከረምን ግን በትንሽ ፊደል የሚጽፉት ስለዚህ ነው፤ በአማርኛ ልዩነቱን አላዩትምና።

ትልቁ ፊደል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፍቺንም ይለውጣል። «ቻይና» በትልቅ ፊደል ሲጀምር የአገር ስም ነው፤ በትንሽ ፊደል ሲጀምር ግን በቀጭኑ የተሠራ ነጭ የሸክላ ዕቃ ማለት ነው። «ማርች» በትልቅ ፊደል የወር ስም ነው፤ በትንሽ ፊደል የወታደር ሰልፍ ጉዞ ነው። እንዲሁም የተጸውዖ ስም ወደ ወልነት የሚለወጥበት ጊዜ አለ። የኤሌክትሪክ መለኪያዎች የሆኑት «ዋት» እና «ቮልት» የተሰየሙት ከ1736 እስከ 1819 በነበረው በጄምስ ዋትና ከ1745 እስከ 1827 በነበረው በአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የሰዎቹ ስም በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ መለኪያው ግን የወል ስም ስለ ሆነ በቃል ሲጻፍ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ቍጥርንም ይቀበላል።

አሁን ደግሞ በስም ፊት ስለሚቆሙት ትንንሽ ቃላት እንናገር። እነርሱም «ኤ» እና «ዘ» ናቸው። «ኤ» ያልታወቀውን አንዱን ያመለክታል፤ ቃሉ በአናባቢ ድምፅ ሲጀምር «አን» ይሆናል። «ዘ» ደግሞ የታወቀውን ያመለክታል፤ እኛ «መጽሐፉ»፣ «ልጅቱ» ብለን በቃሉ መጨረሻ የምንጨምረውን እንግሊዞች በቃሉ ፊት ያስቀምጡታል። የሚቈጠር የወል ስም በነጠላ ሲነገር ያለ «ኤ» ወይም ያለ «ዘ» ወይም «የእኔ»፣ «ይህ» እንደሚሉት ያለ ሌላ ቃል ሳይቀድመው ራቁቱን አይቆምም። በአማርኛ «መጽሐፍ ገዛሁ» ማለት ሙሉ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ቦት ኤ ቡክ» ይባላል እንጂ «አይ ቦት ቡክ» አይባልም።

የተጸውዖ ስም ራሱ ታውቆ የተለየ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ፣ ጣና ሐይቅ ያለ «ዘ» ይጻፋሉ። ነገር ግን የወንዞች ስም «ዘ» ይቀድመዋል፤ «ዘ ናይል»፣ «ዘ አዋሽ» ይባላል። ለብቻው የቆመ ተራራ «ዘ» የለውም፤ በሰንሰለት የተያያዙ ተራሮች ግን አላቸው፤ ስለዚህ «ዘ ሰሜን ማውንቴንስ» ይባላል። በስማቸው ውስጥ የወል ስም የያዙ አገሮችም፣ እንደ ዩናይትድ ስቴትስ ያሉት፣ «ዘ» ይቀድማቸዋል። ይህን መምህሩ ከካርታ ፊት ቆሞ ቢያስተምረው ልጆቹ ጂኦግራፊውንና ቋንቋውን ባንድ ጊዜ ይይዙታል።

ሦስተኛ፤ ስለሚቈጠርና ስለማይቈጠር ስም

የትምህርቱ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አምስቱ ክፍሎች ስለ ነገሩ ምንነት ይናገራሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚገዛው ግን መቈጠርና አለመቈጠር ነው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሰዋስው ፍልስፍና ባሳተመው መጽሐፍ የሚቈጠሩትን ቃላት ከማይቈጠሩት ለይቶ በሰፊው መረመረ፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎችም ይህን መለያየት በፊት ስፍራ ያስቀምጡታል።

የሚቈጠር ስም ራሱን የቻለ አካልና ወሰን ያለው ነው፤ በግ፣ ወንበር፣ ቀን እንደ ማለት ነው። የማይቈጠር ስም ግን ሲከፈልም ያው የሚሆን ነው። ውሃን ለሁለት ብንከፍለው ሁለቱም ውሃ ነው፤ ወንበርን ለሁለት ብንሰብረው ግን ሁለት ወንበር አናገኝም። ውሃ፣ ዱቄት፣ ወርቅ፣ ጨው፣ ዘይት፣ እነዚህን የመሰሉት የቁስ ስሞች በእንግሊዝኛ በዚህ ስማቸው አይቈጠሩም። «ኤ» አይቀበሉም፤ በመጨረሻቸውም የብዙ ምልክት የሆነው «ስ» አይጨመርባቸውም።

የማይቈጠረውን ለመቍጠር ያሰበ ሰው መስፈሪያውን ይቈጥራል። ይህስ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው፤ አንድ ቁና ጤፍ፣ ሁለት ሲኒ ቡና እንላለን። ልዩነቱ እኛ መስፈሪያውን አንዳንድ ጊዜ የምንተወው መሆኑ ነው። «ሁለት ዳቦ»፣ «ሦስት ሳሙና» ማለት በአማርኛ ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን ዳቦም ሳሙናም የቁስ ስሞች ስለ ሆኑ «ቱ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ»፣ «ስሪ ባርስ ኦፍ ሶፕ» ይባላል።

ልጆች «ገንዘብ እየቈጠርን እንዴት አይቈጠርም ይባላል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም የአስተዋይ ጥያቄ ነው። መልሱ ይህ ነው። የምንቈጥረው ብሩን ወይም ሳንቲሙን እንጂ «ገንዘብ» የሚለውን ስም አይደለም፤ «አምስት ብር» እንላለን እንጂ «አምስት ገንዘብ» አንልም። እንግዲህ መቈጠርና አለመቈጠር የቃሉ ጠባይ ነው እንጂ የነገሩ ብቻ አይደለም።

ስለዚህም በአማርኛ የሚቈጠር ሆኖ በእንግሊዝኛ የማይቈጠር ቃል ብዙ አለ። በልጆቻችን ደብተር ብዙ ስሕተት የሚገኘው በእነዚህ ነው። እኛ ምክሮች፣ መረጃዎች፣ ዜናዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ የቤት ሥራዎች እንላለን። እንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኒውስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ» የሚሉትን ሁሉ የማይቈጠሩ አድርጎ ይይዛቸዋል። አንዱን ለይቶ ለመናገር «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል፤ አንድ ቍራጭ ምክር እንደ ማለት ነው። «ኒውስ» በ«ስ» የሚጨርስ ቢሆንም ነጠላ ነው፤ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ይባላል። «ሥራ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል። «ወርክ» የማይቈጠር ስለ ሆነ፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው «ኤ ወርክ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ነው፤ የሚቈጠረው ቃል «ኤ ጆብ» ነው። ልጆቻችን የሥራ ማመልከቻ የሚጽፉበት ቀን ሩቅ አይደለምና ይህን ከወዲሁ ይወቁት።

አማርኛ «ብዙ» በሚለው በአንድ ቃል «ብዙ ሰው» እና «ብዙ ውሃ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ለሚቈጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቈጠረው «ማች» ይላል። «ጥቂት» ለማለትም ለሚቈጠረው «ኤ ፊው»፣ ለማይቈጠረው «ኤ ሊትል» ይላል። ስለዚህ የስሙን ጠባይ ያልለየ ልጅ የቅጽሉንም ምርጫ ይስታል።

አራተኛ፤ አንዱ ቃል ሁለት ጠባይ ሲኖረው

አሁን ወደሚረቀው ነገር እንለፍ። አንዱ ቃል በማይቈጠርነቱ አንድ ነገር፣ በሚቈጠርነቱ ሌላ ነገር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፍቺውን የሚለየው ያች ትንሽ «ኤ» ወይም በመጨረሻ የምትገባው «ስ» ናት።

«አይረን» ያለ ምንም ጭማሪ ብረት ማለት ነው፤ «አን አይረን» ግን የልብስ መተኰሻ ካውያ ነው። አንድ ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ብረት ላክልኝ ብሎ ለመጻፍ አስቦ «አን አይረን» ብሎ ቢጽፍ፣ ተቀባዩ የሚረዳው አንድ ካውያ እንደ ተፈለገ ነው። «ግላስ» መስተዋት ማለት ነው፤ «ኤ ግላስ» ብርጭቆ ነው፤ «ግላሲዝ» ደግሞ ብርጭቆዎች ወይም መነጽር ነው። «ፔፐር» ወረቀት ነው፤ «ኤ ፔፐር» ጋዜጣ ወይም በሊቃውንት ጉባኤ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። «ላይት» ብርሃን ነው፤ «ኤ ላይት» መብራት ነው። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያልለየ ተማሪ፣ ስለ ብርሃን ጠባይ የተጻፈውን ስለ አምፖል የተጻፈ ያስመስለዋል። «ኤክስፒሪየንስ» በሥራ የተገኘ ልምድ ነው፤ «ኤክስፒሪየንሲዝ» ግን በሰው ላይ የደረሱ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

«ቺክን» የዶሮ ሥጋ ነው፤ «ኤ ቺክን» አንድ ዶሮ ነው። «ዶሮ በላሁ» ለማለት «ኤ ቺክን» ያለ ሰው፣ ዶሮዋን በሙሉ ብቻውን እንደ ጨረሰ ተናግሯል። በአንዳንድ እንስሳት ግን ይህ ግራ መጋባት አይገኝም፤ ምክንያቱም ታሪክ አለው። በ1066 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ከዚህም የተነሣ በሕይወት ያለው እንስሳ በጥንቱ የእንግሊዝ ቃል ሲጠራ፣ ሥጋው ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል ይጠራል፤ ላም «ካው» ስትባል ሥጋዋ «ቢፍ» ነው፤ በግ «ሺፕ» ሲባል ሥጋው «መተን» ነው። እንስሳው ይቈጠራል፤ ሥጋው አይቈጠርም።

አምስተኛ፤ ስለ ረቂቅ ስም

ረቂቅ ስም በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ በልብ ብቻ የሚታሰብ ነገር መጠሪያ ነው፤ ጥበብ፣ ትዕግሥት፣ ድኅነት እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ከቅጽል ወይም ከስም ረቂቅ ስም ለማውጣት «ነት» ብንጨምር አብዛኛው ይወጣልናል፤ ከደግ ደግነት፣ ከልጅ ልጅነት፣ ከወዳጅ ወዳጅነት፣ ከነጻ ነጻነት ይገኛል። እንግሊዝኛ ለዚህ ለአንዱ «ነት» ብዙ ቅጥያዎች አሉት። «ካይንድ» «ካይንድነስ» ይሆናል፤ «ቻይልድ» «ቻይልድሁድ»፤ «ፍሬንድ» «ፍሬንድሺፕ»፤ «ፍሪ» «ፍሪደም»፤ «ስትሮንግ» ደግሞ «ስትሬንግዝ» ይሆናል። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚወስድ የሚታወቀው በመለማመድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቅጽሉንና ረቂቁን ስም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስተምር፤ ልጁ አንዱን ሲማር ሁለቱን ይይዛል።

ረቂቅ ስም በጠቅላላው ሲነገር «ኤ»ም «ዘ»ም አይቀድመውም። «ሕይወት አጭር ናት» ለማለት «ላይፍ ኢዝ ሾርት» ይባላል። የተወሰነ ሲሆን ግን «ዘ» ይገባል፤ የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ሲባል «ዘ ላይፍ ኦፍ» ተብሎ ይቀጥላል። ረቂቁም ቢሆን በሥራ ሲገለጥ ይቈጠራል፤ «ካይንድነስ» ደግነት ነው፤ «ኤ ካይንድነስ» ግን አንድ የተደረገ ውለታ ነው። ደግነት አይቈጠርም፤ ውለታ ግን ይቈጠራል።

ስድስተኛ፤ ስለ ጥቅል ስም

ጥቅል ስም ብዙዎችን ባንድነት ጠቅልሎ የሚጠራ ነው፤ ቤተሰብ፣ ጉባኤ፣ ጦር ሠራዊት፣ መንጋ እንደ ማለት ነው። እኛ የበግ መንጋ፣ የከብት መንጋ፣ የንብ መንጋ እያልን በአንድ ቃል እንጠቅማለን። እንግሊዝኛ ግን ለበግ «ፍሎክ»፣ ለከብት «ሄርድ»፣ ለንብ «ስዎርም» ይላል።

ጥቅል ስም ግሡን በነጠላም በብዙም ሊያስከትል ይችላል። ቤተሰቡ እንደ አንድ አካል ሲታሰብ ነጠላ ግሥ፣ እያንዳንዱ አባል ሲታሰብ ብዙ ግሥ ይከተላል። እንግሊዞች ሁለቱንም ይናገራሉ፤ አሜሪካኖች ግን ነጠላውን ይመርጣሉ። ተማሪ በሁለቱም ዓይነት የተጻፈ መጽሐፍ ቢያገኝ፣ አንደኛው ስሕተት ነው ብሎ እንዳይፈርድ ይነገረው።

ከእነዚህ የተለዩ፣ መልካቸው ነጠላ ሆኖ ግሣቸው ሁልጊዜ ብዙ የሆነ ቃላት ደግሞ አሉ፤ «ፖሊስ»፣ «ፒፕል»፣ «ካትል» ናቸው። እኛ «ፖሊስ መጣ» ብንልም በእንግሊዝኛ ግሡ በብዙ ይነገራል። «ፒፕል» ሰዎች ማለት ነው፤ «ፒፕልስ» ሲሆን ግን ሕዝቦች ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛው ቅጂ ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሲጠራ «ፒፕልስ» ያለው ስለዚህ ነው። አንዲት «ስ» ብትጐድል ሕዝቦች መባሉ ቀርቶ ሰዎች ይሆን ነበር።

ደግሞም ሱሪ፣ መቀስ፣ መነጽር በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ተመሳሳይ ወገን ስላላቸው ነው። አንዱን ለመናገር «ኤ ፔር ኦፍ»፣ ማለት አንድ ጥንድ፣ የሚል ይቀድማል።

ሰባተኛ፤ ስለ ጥምር ስም

ጥምር ስም ሁለት ቃላት ተጋጥመው አንድ ነገር የሚጠሩበት ነው። በግዕዝ ዋናው ቃል ይቀድማል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን እንላለን። በአማርኛ ግን ዋናው ቃል በኋላ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት እንላለን። እንግሊዝኛም በዚህ እንደ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን እዚህ ላይ ብዙ አይቸገሩም። «ሆርስ ሬስ» የፈረስ እሽቅድድም ነው፤ «ሬስ ሆርስ» የእሽቅድድም ፈረስ ነው። የሚቈጠረው በኋላ ያለው ነው። ፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ይቀራል፤ የጥርስ ብሩሽ ብዙ ጥርስ ቢያጸዳም «ቱዝብረሽ» ይባላል። ዋናው ቃል ፊት በሚሆንባቸው በጥቂቶቹ ግን የብዙ ምልክቱ ፊት ይገባል፤ አማት «ማዘር ኢን ሎው» ትባላለች፤ ብዙ ሲሆኑ «ማዘርስ ኢን ሎው» ይባላሉ።

ስምንተኛ፤ ስለ ብዙ ቍጥር

በአማርኛ ቍጥር ከቀደመ ስሙ በነጠላ ሊቀር ይችላል፤ «አምስት መጽሐፍ» ማለት ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን የሚቈጠር ስም ከአንድ በላይ ሲሆን ብዛቱ በራሱ በስሙ ላይ ይታያል፤ «ፋይቭ ቡክስ» ይባላል። ይህ ልጆች ከሁሉ አብዝተው የሚዘነጉት ነው።

አብዛኛው ስም «ስ» በመጨመር ይበዛል። ጥቂቶች የጥንት ቃላት ግን በውስጣቸው ያለውን ድምፅ ለውጠው ይበዛሉ፤ «ማን» ሰው «መን» ሰዎች፣ «ፉት» እግር «ፊት» እግሮች ይሆናሉ። ግዕዝ ለተማረ ሽማግሌ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ንጉሥ ነገሥት፣ ደብር አድባር እንደሚሆን ያውቃልና። ይልቁንም «ቺልድረን» ማለት ልጆች የሚለው ቃል የሚያስደንቅ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብዙ ቍጥሩ በ«ሩ» ይጨርስ ነበር፤ ኋላ ሰዎች ብዙ መሆኑ ስላልታያቸው ሌላ የብዙ ምልክት ደረቡበት። እኛስ አድባር ብዙ ሆኖ ሳለ አድባራት፣ ነገሥት ብዙ ሆኖ ሳለ ነገሥታት እንል የለምን? ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት መንገድ ሄደዋል።

ዘጠነኛ፤ በክፍል ውስጥ እንደ ምን እናስተምር?

በመጀመሪያ መምህሩ ከደጅ የሚገኘውን ወደ ክፍል ያምጣ፤ ጠጠር፣ ዱቄት፣ ውሃ፣ ቁልፍ፣ ጨው ይሁን። ልጆቹ ሊቈጥሩት የሚችሉትን ባንድ ወገን፣ በመስፈሪያ የሚሰፍሩትን በሌላ ወገን ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም በሰሌዳው ላይ በሁለት ረድፍ ይጻፍ። ልጁ ሕጉን ከመስማቱ በፊት በእጁ ይዳስሰዋል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቃል ብቻውን አይሰጥ። «ቡክ» ከማለት «ኤ ቡክ፣ ቱ ቡክስ»፤ «ዎተር» ከማለት «ሰም ዎተር» እየተባለ ከጠባዩ ጋር ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እየተሰጠ ልጆቹ ይመልሱ። ለናሙና ያህል እነዚህ ይበቃሉ፤

«ሁለት ዳቦ ገዛሁ።» «አይ ቦት ቱ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ።» መስፈሪያው ተቈጠረ።

«አባቴ ጥሩ ምክር ሰጠኝ።» «ማይ ፋዘር ጌቭ ሚ ጉድ አድቫይስ።» የማይቈጠር ስለ ሆነ «ኤ» አልገባም።

«አዋሽ ረጅም ወንዝ ነው።» «ዘ አዋሽ ኢዝ ኤ ሎንግ ሪቨር።» የወንዙ የተጸውዖ ስም «ዘ»ን፣ የወል ስሙ «ኤ»ን ተቀበለ።

«ሱሪዬ ቆሽሿል።» «ማይ ትራውዘርስ አር ደርቲ።» ሱሪ በእንግሊዝኛ ብዙ ስለ ሆነ ግሡ በብዙ ተከተለ።

«ትዕግሥት ከወርቅ ይበልጣል።» «ፔሸንስ ኢዝ ቤተር ዛን ጎልድ።» ረቂቁም ቁሱም በጠቅላላው ስለ ተነገሩ በፊታቸው ምንም አልቆመም።

ልጁ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአማርኛውን ትክክለኛ ሕግ ወደ እንግሊዝኛ ከማዛወር ነውና፣ «በአማርኛ እንዲህ ማለት ደኅና ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የቃሉ ጠባይ ሌላ ነው» ተብሎ ይገለጥለት። እንዲህ ሲሆን ልጁ የገዛ ቋንቋውን አይንቅም፤ የሌላውንም አይፈራም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የስምን ዓይነት መለየት ለፈተና ቀን ብቻ የሚጠቅም ትምህርት አይደለም። በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን፣ የሚቈጠረውንና የማይቈጠረውን፣ ነጠላ ወይም ብዙ ግሥ የሚከተለውን የለየ ልጅ፣ ያልተማረውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ማቆም ይችላል።

ግዕዝና ቅኔ የተማራችሁ ሽማግሎች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ባታውቁም እንኳ በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። ደብርን ከአድባር፣ ቤትን ከአብያት መለየት የምታውቁ እናንተ፣ ቋንቋ ሁሉ ሕግ እንዳለው ለልጆች ማስረዳት ትችላላችሁ። ልጁ ማታ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ፣ «ይህ ቃል ይቈጠራልን? አንዱ እንዴት ይባላል? ብዙውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ባታውቁት እንኳ እርሱ ሊመልስላችሁ ሲል ያስበዋል፤ ያላወቀውንም በማግሥቱ መምህሩን ይጠይቃል።